ርግብን ስለ ማጣመር

በነገሌ ቦረናና በደቡብ ቆላ ከተሞች ርግብ ማርባት የሚጀምር ሰው አስቀድሞ የወንዱና የሴቷ ቍጥር እኩል መሆኑን ይመርምር። ወንዱ ደረቱን ነፍቶ እያጕረመረመ በሴቷ ዙሪያ በመዞሩ ይታወቃል። ጥንድ ያጣ ወንድ የሌላውን ጎጆ እየወረረ እንቍላል ያሰብራልና፥ ትርፉ ይለይ።

ጥንዶቹን በአንድ ሣጥን አግብቶ፥ በመካከላቸው የእንጨት ርብራብ አቁሞ፥ አንድ ሳምንት ያህል ይተዋቸው፤ ሲላመዱ ርብራቡን ያንሣ። ሴቷ 2 እንቍላል ትጥላለች፤ ሁለቱም እየተፈራረቁ ታቅፈው በ18 ቀን ገደማ ይፈለፍላሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ጫጩቶቹን የሚመግቧቸው ከጕሮሯቸው በሚያወጡት ወተት መሰል ምግብ ነው፤ ይህም ብዙ ውሃ ይሻል። ስለዚህ በቆላ አገር ጥንዶቹን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው የዝናብ ወራት ማገናኘት ይመረጣል። ማሽላው ሞልቶ ውሃው ቢጐድል ጫጩቱ ይሞታል፥ ድካሙም ከንቱ ይሆናል።