ከኩሬው በታች ያለው ጅረት

ሳድል ሪጅ የምትኖሩ የማኅበራችን አባላት በየመንደሩ መሃል ያሉትን ኩሬዎች ታውቋቸዋላችሁ፤ በበጋ ልጆች ይዘን የምንዞራቸው ናቸው። ዋና ሥራቸው ከጣሪያና ከአስፋልት የሚወርደውን ጎርፍ ተቀብሎ ቀስ በቀስ መልቀቅ ነው። ሲቪል ምህንድስና እንደሚማር ሰው እኔን የሚስበኝ ግን ብዙም የማይታየው መውጫቸው ነው።

ስሌቱ አጭር ነው። ከመውጫው ቀዳዳ መሃል በላይ 2 ሜትር ውሃ ቢቆም፣ ውሃው በሰከንድ 6.3 ሜትር ገደማ ፍጥነት ይወጣል (የ2 × 9.81 × 2 ስኩዌር ሩት)። ልቅ አሸዋ በሰከንድ ግማሽ ሜትር አካባቢ በሚሄድ ውሃ መታጠብ ይጀምራል። የቀዳዳው ዲያሜትር 30 ሳንቲ ሜትር ከሆነ በሰከንድ ወደ 265 ሊትር ያሳልፋል፤ 15 ብናደርገው ወደ 66 ሊትር ይወርዳል። ልብ በሉ፦ መጠኑ ወደ ሩብ ወረደ፣ ከቀዳዳው የሚወጣበት ፍጥነት ግን ያው ነው። ፍጥነቱን ለመስበር ሌላ ሥራ ያስፈልጋል።

በዚያ ላይ ኩሬው ደለሉን አስቀርቶ የሚለቀው ውሃ የሚሸከመው አፈር ስለሌለው ከጅረቱ ያነሳል። መጠኑ ቢቀንስም የሚፈስበት ሰዓት ይረዝማል። ኤርድሪን አቋርጦ መጥቶ በካልጋሪ መካነ እንስሳት አጠገብ ቦው ወንዝ የሚገባውን ኖዝ ክሪክን አስቡት፤ እንዲህ ያለ ትንሽ ጅረት ለብዙ ሰዓት በመጠኑ ሞልቶ ሲፈስ ዳርቻው ይሸረሸራል፣ ጭቃውም የዓሣ እንቁላል ያለበትን ጠጠር ይሸፍናል።

ስለዚህ ቱቦው የሚያልቅበት ቦታ ከጅረቱ ወለል ጋር ይስተካከል፤ አፉም ወደ ማዶው ዳርቻ ሳይሆን ወደ ፍሰቱ አቅጣጫ ይዙር። ከፊቱ ድንጋይ ይነጠፋል። ተማሪዎች የምንዘነጋው ከድንጋዩ ሥር ያለውን ነው፦ ጠጠር ወይም ጂኦቴክስታይል ከሌለ ውሃው አፈሩን በድንጋዮቹ መሃል መጥጦ ያወጣዋል፣ ንጣፉም ይሰምጣል። (በነገራችን ላይ፣ በክረምት የኩሬ በረዶ ላይ ልጆች አታስወጡ፤ በመግቢያና በመውጫው የሚንቀሳቀሰው ውሃ በረዶውን ከሥር ያሳሳዋል።)

አገር ቤት ኩሬ ለማስቆፈር ገንዘብ ለምታዋጡ የቀድሞ ተማሪዎች ጉዳዩ ከዚህም ይከብዳል። ባሕር ዳር አቅራቢያ ባለው የደብረ ማዊ ተፋሰስ የተደረገ ጥናት፣ የከርሰ ምድር ውሃ ከፍ ብሎ አፈሩን ሲያርሰው ቦረቦር በፍጥነት እንደሚሰፋ አሳይቷል። የኩሬን ትርፍ ውሃ እንዲህ ባለ ቦረቦር አፋፍ ላይ መልቀቅ ማሳ ያስበላል። ውሃው በጋቢዮን ደረጃ በደረጃ ይውረድ፤ ወጪውም ከቁፋሮው ጋር አብሮ ከመጀመሪያው በጀት ይያዝ።