ፕላዝማው አይቆምም ነበር

የዕውቀት አምድ

ለዚህ እትም ስለ ትምህርት መርጃ መሣሪያዎች ጻፊ ተብዬ ነበር። እኔ ደግሞ ሲጠቀምባቸው የኖረ ሰው ልጠይቅ ብዬ የአጠቃላይ ሳይንስ መምህራችንን በእረፍት ሰዓት ስታፍ ድረስ ሄጄ አነጋገርኳቸው። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈለጉ «ቲቸር» እያልኩ እቀጥላለሁ። ሰባተኛ ክፍሎች ግን ማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ።

ቲቸር በዝውውር ወደ እኛ ከመምጣታቸው በፊት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ማስተማር የጀመሩት በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። ያን ጊዜ ፕላዝማ የሚባለው ገና አዲስ ነበር፤ ታላላቆቻችሁን ብትጠይቁ ያስታውሱታል። የ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ትምህርት በእንግሊዝኛ ተቀርጾ በሳተላይት ይመጣና ክፍል ውስጥ ባለ ትልቅ ቴሌቪዥን ይታያል። የሚያስተምረው ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው ነው። የክፍሉ መምህር መጀመሪያ ላይ ጥቂት ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይሰጠዋል።

ፕላዝማ የሚለው ስም ከየት መጣ? ደማችን ውስጥ ያለውም ፕላዝማ ይባላል፣ ይኼኛው ግን ሌላ ነው። ቁስ አካል ጠጣር፣ ፈሳሽና ጋዝ ተብሎ እንደሚከፈል ተምረናል። ጋዝ በቂ ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ኤሌክትሮኖቹ ከአተሞቹ ይላቀቁና አራተኛ ሁኔታ ላይ ይደርሳል፤ ፕላዝማ የሚባለው እሱ ነው። መብረቅ ፕላዝማ ነው፣ ፀሐይም ፕላዝማ ናት። በቴሌቪዥኑ ስክሪን ውስጥ ኒዮንና ዜኖን የሚባሉ ጋዞች የተሞሉ በጣም ብዙ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። ኤሌክትሪክ ሲያልፍባቸው በዓይን የማይታይ አልትራቫዮሌት ጨረር ይወጣል፤ ጨረሩ በክፍሎቹ ውስጥ የተቀባውን ፎስፈር ሲመታው ቀይ፣ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። ቴሌቪዥኑም ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው።

ሳተላይቷ ደግሞ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ነው ያለችው። ሲግናሉ ወጥቶ ሲመለስ 72,000 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ፍጥነቱ በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ስለሆነ፣ 72,000 ሲካፈል ለ300,000 0.24 ሰከንድ ይመጣል። ቲቸር ይህን በእስክሪብቶ መዳፋቸው ላይ አስልተው አሳዩኝና «ያን ሁሉ መንገድ በሩብ ሰከንድ የመጣ ትምህርት ልጆቹ ጋ ለመድረስ ግን አርባ ደቂቃ አልበቃውም» ብለው ሳቁ።

ለምን አልበቃውም? ላኪው አንድ ነው፣ ተቀባዩ ብዙ ነው። አንዱ ትምህርት በአንድ ሰዓት ለሁሉም ትምህርት ቤት ስለሚተላለፍ አንድ ክፍል አልገባኝም ቢል ማንም አይሰማውም። ስክሪኑ ላይ ጥያቄ ይወጣል፣ ለመሥራት ትንሽ ጊዜ ይሰጣል፣ ከዚያ መልሱ ይመጣል። ጨረስክ አልጨረስክ ጉዳዩ አይደለም። ተማሪ እጁን አውጥቶ ቲቸርን ሲጠይቃቸው፣ እሳቸው ሲመልሱለት፣ ፕላዝማው ሌላ ርዕስ ገብቷል። ስለዚህ አንዱን ልጅ ሲያስረዱ የቀሩት ሃምሳ ምናምን ልጆች ያመልጣቸዋል፤ ሁሉንም እንዳያመልጣቸው ዝም ካሉ ደግሞ ያ ልጅ ይቀራል።

አንድ ተማሪ እስካሁን አይረሳቸውም። ከፊት የሚቀመጥ ጎበዝ ጸሐፊ ነበር። ከፕላዝማው እኩል ለመጻፍ ይሮጥ ይሮጥና አንድ ቀን መሀል ላይ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ደብተሩን ዘጋ። ምንም አልረበሸም፣ ዝም ብሎ ስክሪኑን ማየት ጀመረ። «ከዚያ ቀን በኋላ በፊዚክስ ክፍለ ጊዜ ደብተሩን ከፍቶ አላየሁትም» አሉኝ። ይህን ሲነግሩኝ አይስቁም ነበር።

ግን ፕላዝማ መጥፎ ነበር ብዬ ብቻ ብጽፍ ትክክል አይሆንም። ትምህርት ቤታቸው ቤተ ሙከራ ስላልነበረው ብዙውን ሙከራ ተማሪዎቹ ያዩት በፕላዝማ ነው። ቲቸርም እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። የሚመጣው ርዕስ በመምህሩ መምሪያ ላይ ስላለ ቀድመው ያነቡና ከባድ የእንግሊዝኛ ቃላቱን ከነአማርኛ ትርጉማቸው ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጽፉ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ቃላቱን ያስረዳሉ፣ ሥዕሉን ፕላዝማው ያሳያል። በዚህ ዘዴ የሚጠይቁት ልጆች በዙ ብለውኛል። እኔ እንደሚመስለኝ ይህን ያስተማራቸው ሰው የለም፣ ራሳቸው ናቸው ያገኙት።

አሁን ወደ እኛ ትምህርት ቤት ልምጣ። እንደምታውቁት አንድ ፕሮጀክተር አለን፣ እሱም ለወላጆች ስብሰባ ካልሆነ ከቁም ሳጥን አይወጣም ነበር። ዘንድሮ ቲቸር ፈርመው ማውጣት ጀመሩ። ላፕቶፑን ከፕሮጀክተሩ ጋር ማገናኘት የተማሩት ከአይሲቲ መምህራችን ነው። ክፍል ውስጥ ኢንተርኔት ስለሌለ ቪዲዮውን ማታ ካፌ ሄደው በፍላሽ ይዘው ይመጣሉ።

የእኛ ፕሮጀክተር ኤልሲዲ የሚባለው ዓይነት ነው። ውስጡ ያለው አምፖል ነጭ ብርሃን ያወጣል። ልዩ መስታወቶች ብርሃኑን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ አድርገው ይለያዩታል። እያንዳንዱ ቀለም በራሱ ትንሽ ስክሪን ውስጥ ያልፍና ፕሪዝም እንደገና አንድ ያደርጋቸዋል፣ ከዚያ በሌንሱ ይወጣል።

ታዲያ ለምን ጨለማ ይፈልጋል? ይህን ስሰማ በጣም ነው የገረመኝ። ፕሮጀክተር ጥቁር ብርሃን መላክ አይችልም፤ ጥቁር የሚባል ብርሃን የለማ! ሥዕሉ ላይ ጥቁር ሆኖ የምናየው ብርሃን ያልተላከበት ግድግዳ ነው። ፀሐይ ግድግዳው ላይ ካረፈች ያ ቦታ ይነጣል፣ ሥዕሉም ይደበዝዛል። ለዚህ ነው በፀሐይ በኩል ያሉትን መስኮቶች በካርቶን የምንሸፍነው።

ሌላው ርቀት ነው። ፕሮጀክተሩን ከግድግዳው ከ2 ሜትር ወደ 4 ሜትር ብታርቁት ሥዕሉ በወርድም በቁመትም 2 እጥፍ ይሆናል፣ ስፋቱ ደግሞ 4 እጥፍ። ያው ብርሃን 4 እጥፍ ቦታ ላይ ስለተበተነ ድምቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። ቲቸር ሥዕሉ ትንሽ ሆኖ ቢደምቅ ይሻላል ብለው ያስጠጉታል፣ ከኋላ ያለነው ደግሞ ወደፊት መጥተን መሬት ላይ እንቀመጣለን። ፕሮጀክተሩ ወደ ላይ ካዘነበለ ሥዕሉ ላዩ ሰፍቶ ታቹ ይጠብና በሒሳብ እንደተማርነው ትራፒዝየም ይሆናል። ሲጨርሱም ወዲያው ከሶኬት አይነቅሉትም። አምፖሉ በጣም ስለሚግል ማቀዝቀዣው እስኪቆም ይጠብቃሉ።

ባለፈው ያሳዩን አሜባን ነው። አሜባ አንድ ሴል ብቻ ያላት ፍጡር ናት። ሰውነቷን ወደፊት እየገፋች በሐሰተኛ እግር ትሄዳለች። ምግብ አጠገብ ስትደርስ ቲቸር ረጅሟን ቁልፍ ተጫኑና ቪዲዮው ቀጥ አለ። «አሁን ምን ታደርጋለች?» አሉ። ክፍሉ ተንጫጫ። አንዱ ትነክሰዋለች አለ፣ አንዷ «አፍ የላትም እኮ!» ብላ ጮኸች። በተራ ተጠየቅን፣ የማይናገሩት ልጆች ሳይቀሩ። ቪዲዮው አንድ ደቂቃ አይሞላም፣ እኛ ግን አሥር ደቂቃ ተከራከርን። ከዚያ ቁልፏን መልሰው ሲጫኑ አሜባዋ ምግቡን በሰውነቷ ከበበችውና ዋጠችው። ክፍሉ በጭብጨባ ተሞላ።

ትንሽ ቆይቶ መብራት ጠፋ። ቲቸር ካርቶኑን አስነሥተው ጠመኔ አነሡና የቀረውን በሰሌዳ ሣሉልን። በሐሰተኛ እግርና በከበበችው ምግብ መካከል ያለውን ስንሥል ያልጨረሰ ልጅ ስለነበረ ሰሌዳውን ሳያጠፉ ቆመው ጠበቁት።

ስታፍ ውስጥ ከፕሮጀክተሩ የቱን ነገር እንደሚወዱ ስጠይቃቸው «ማቆሚያውን» ነው ያሉኝ። እኔ ሥዕሉን ይሉኛል ብዬ ነበር።

የዚህ እትም ጥያቄዎች፦

1ኛ. ፕሮጀክተሩ 2 ሜትር ላይ ሆኖ የሥዕሉ ወርድ 1 ሜትር፣ ቁመቱ 75 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ 6 ሜትር ላይ ሲሆን ስፋቱ ስንት እጥፍ ይሆናል?

2ኛ. (ይህ የቲቸር ጥያቄ ነው።) አሜባ አፍ ከሌላት ቆሻሻውን በየት ታስወጣለች?

መልሳችሁን ከነክፍላችሁ ጽፋችሁ በሚኒ ሚዲያ ክፍል በር ላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ክተቱ። ቀድሞ ለመለሰ እስክሪብቶ አለ።