ለከርነል ድራይቨር የቆጠራ ክስተት እንዴት ይነደፋል?

በቺፖች ውስጥ ሥራቸው መቁጠር ብቻ የሆነ ሬጂስተሮች አሉ። ስንት ሳይክል እንዳለፈ፣ ስንት ጊዜ ከሜሞሪ እንደተነበበ ይቆጥራሉ። ፕሮግራሙ ለምን እንደዘገየበት ማወቅ የፈለገ ሰው እነዚህን ቁጥሮች ይጠይቃል፤ በሊኑክስ ከ2009 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.)፣ ማለትም ከከርነል 2.6.31 ወዲህ ጥያቄውን የሚቀበለው «ፐርፍ» የተባለው ክፍል ነው። ዛሬ የምንማረው በሬጂስተሩና በፐርፍ መካከል የሚቆመውን ድራይቨር ስለ መንደፍ ነው። ለምሳሌ አይ.ኤም.ኤክስ 8 የተባለውን ቺፕ የሜሞሪ ኮንትሮለር እንውሰድ፤ ድራይቨሩ ከከርነሉ ጋር ስለሚገኝ ከፍታችሁ ልታነቡት ትችላላችሁ።

ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት የቺፑን ማኑዋል ይዛችሁ ሃርድዌሩ በእርግጥ ምን መቁጠር እንደሚችል ለዩ። ይህ ኮንትሮለር 4 ቆጣሪዎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው 32 ቢት ናቸው። ቆጣሪ 0 ሳይክል ብቻ ይቆጥራል፤ ቀሪዎቹ 3 የታዘዙትን ይቆጥራሉ።

ቀጥሎ ለክስተቶቹ ስምና ቁጥር እንሰጣለን። ተጠቃሚው ጥያቄውን የሚያቀርበው «ኮንፊግ» በሚባል የ64 ቢት መስክ ነው። ድራይቨሩ ከዚህ ውስጥ ከ0 እስከ 7 ያሉትን ቢቶች ለክስተቱ ቁጥር ያውላል፤ የንባብ ሳይክል 42፣ የጽሕፈት ሳይክል 43 ነው። ይህ አመዳደብ «ፎርማት» እና «ኢቨንትስ» በተባሉ ማውጫዎች ለተጠቃሚው ይታያል። አንድ ጊዜ ከወጣ በኋላ የስሙን ትርጉም አትለውጡ፤ ሰዎች ስክሪፕት ጽፈውበታል።

አሁን ብዙዎች የሚቸኩሉበት ቦታ ደርሰናል፦ ጥያቄን አለመቀበል። ተጠቃሚው ክስተት ሲከፍት ፐርፍ የድራይቨሩን «ኢቨንት ኢኒት» ይጠራል። ጥያቄው የእኛ ካልሆነ «የለም» የሚለውን የስህተት ኮድ እንመልሳለን፤ ፐርፍም ሌላውን ድራይቨር ይጠይቃል። የእኛ ሆኖ «የዚህን ፕሮግራም ብቻ ቁጠርልኝ» ካለስ? ሜሞሪ ኮንትሮለሩን ሁሉም ኮሮች ይጋሩታል፤ ያነበበው የማን ፕሮግራም እንደሆነ አያውቅም። ተቀብለን የመላውን ማሽን ቁጥር ብንሰጠው ተጠቃሚው ያምነናል፣ በተሳሳተ ቁጥርም ቀናት ያባክናል። ስለዚህ በግልጽ «አልችልም» እንበለው። ቆጠራውም ለአንድ ለተመረጠ ሲፒዩ ይመደባል፤ አለበለዚያ በ4 ኮር ማሽን አንዱ ቁጥር አራት ጊዜ ይደመራል። ያ ሲፒዩ ከሥራ ሲወጣ ድራይቨሩ ክስተቱን ወደ ሌላ ሲፒዩ ያዛውራል።

ቆጠራው ራሱ እንደ ቤታችን የመብራት ቆጣሪ ነው፤ ያለፈውን ንባብ ከአሁኑ ቀንሰን ልዩነቱን እንይዛለን። ግን 32 ቢት ከ4,294,967,295 በላይ አይሄድም፤ ተመልሶ ከ0 ይጀምራል። ያለፈው ንባብ 4,294,967,290፣ የአሁኑ 10 ይሁን። በቀጥታ ብንቀንስ ትልቅ ኔጋቲቭ ቁጥር ይወጣል። ውጤቱን በ32 ቢት ማስክ ብናጣራው ግን 16 እናገኛለን፤ እስኪዞር 6፣ ከዞረ በኋላ 10። ይህ የሚሠራው በሁለት ንባቦች መካከል ቆጣሪው ሙሉ ዙር ካላለፈ ብቻ ነው። አንድ ሙሉ ዙር ካለፈ ያ ሁሉ ቆጠራ ድምፁን ሳያሰማ ይጠፋል።

በሰከንድ 800 ሚሊዮን ሳይክል ቢቆጠር ቆጣሪ 0 በ5.4 ሰከንድ ገደማ ይሞላል። በዚህ ቺፕ እሱ ሲሞላ ሁሉም ይቆማሉ፣ ኢንተራፕትም ይነሣል፤ ሌሎቹ ሲሞሉ ግን ኢንተራፕት የለም። የድራይቨሩ ጸሐፊዎች በመጀመሪያው ንድፍ ያገኙት መላ ደስ ይላል። ሳይክል ከሌሎቹ ክስተቶች ቢያንስ 4 እጥፍ ቶሎ ስለሚቆጠር፣ ቆጣሪ 0 በሞላ ቁጥር ሁሉንም ያነብባሉ፤ ሌሎቹ በመሐል ሙሉ ዙር የሚያልፉበት ጊዜ አያገኙም። ስለዚህም ተጠቃሚው ሳይክል ባይጠይቅም ድራይቨሩ ቆጣሪ 0ን ራሱ ያበራዋል። ኢንተራፕት ጨርሶ በሌለበት ሃርድዌር ታይመር ይህን ሥራ ይተካል።

ተጠቃሚው ከሳይክል ሌላ ከ3 በላይ ክስተት ቢያዝስ? ፐርፍ ያፈራርቃቸዋል። ከ10 ሰከንድ 6ቱን ብቻ ቆጥሮ 300 ሚሊዮን ያገኘ ክስተት 500 ሚሊዮን ተብሎ ይገመታል። የድራይቨሩ ድርሻ ባዶ ቆጣሪ ሲያጣ ስህተት መመለስ፣ ክስተቱ ሲነሣም የመጨረሻውን ንባብ መደመር ነው።

ድራይቨራችሁን ለሌሎች ከመላካችሁ በፊት ከካሽ እጅግ የሚበልጥ፣ መጠኑን የምታውቁት መረጃ ደጋግማችሁ አስነብቡ፤ የንባብ ቆጣሪው ጥቂት ጊዜ እስኪዞርም አታቁሙ። ውጤቱ ከጠበቃችሁት በ4.3 ቢሊዮን ገደማ ወይም በብዜቱ ካነሰ፣ የጎደለው ሳይነበብ ያለፈ ዙር ነው፤ የንባቡን ጊዜ አሳጥራችሁ እንደገና ሞክሩ።