ትምህርት፤ ስለ ዝንባሌ ምክንያትና እናትን ስለ መውቀስ

 

አንባቢ ሆይ! አላህ ይዘንልህና ዕወቅ፤ የአንድ ወጣት ልብ ወደ ወንድ እንደሚያዘነብል በታወቀ ጊዜ በቤቱ ውስጥ ቀድማ የምትወቀሰው እናቱ ናት። «አሞላቅቀሽ አበላሸሽው» ይሏታል። አንተ ግን ይህን ቃል ከአፍህ ከማውጣትህ በፊት ቡኻሪና ሙስሊም ስለ ዘገቡት ስለዚያ የገጠር ዐረብ አስብ። ሚስቱ ጥቁር ልጅ በወለደች ጊዜ ጠርጥሯት ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጣ። እርሳቸውም ከቀይ ግመሎቹ መካከል ግራጫው እንዴት እንደ ተገኘ ጠየቁት፤ ከሩቅ የወረደ ዘር ስቦት እንደሚሆን በራሱ አፍ ባመነ ጊዜ የልጁንም ነገር በዚሁ ዓይን እንዲመለከተው አደረጉ።

ስለ ፆታ ዝንባሌም የዘመናችን ሊቃውንት ብዙ መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውና ወደ ግማሽ ሚሊዮን በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገው ጥናት ነገሩን የሚወስን አንድ ዘረመል አላገኘም፤ ብዙ ዘረመሎች ተደምረው በሰዎች መካከል ለሚታየው ልዩነት ከ8 እስከ 25 በመቶ ያህል ድርሻ እንዳላቸው ገመተ። (የተጠየቁትም ስለ ፈጸሙት ድርጊት ነበር እንጂ ስለ ልብ ዝንባሌ አልነበረም፤ ይህን ልብ በል።) ከአንድ እንቁላል የተገኙ መንትዮች እንኳ ብዙ ጊዜ በዚህ ነገር ይለያያሉ።

«እንግዲያው የቀረው የአካባቢ ድርሻ ነው» ትል ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በሊቃውንት አነጋገር አካባቢ ማለት አስተዳደግ ብቻ አይደለም፤ ማኅፀንም አካባቢ ነው። የካናዳዎቹ ብላንቻርድና ቦጋርት እ.ኤ.አ. በ1996 ከአንድ እናት የተወለዱ ታላላቅ ወንድሞች በበዙ ቁጥር ዝንባሌው በታናሹ ላይ የመገኘቱ ዕድል በመጠኑ እንደሚጨምር ጻፉ፤ በ2006 ደግሞ ቦጋርት አብሮ ያደገ የእንጀራ ወንድም ይህን እንደማያመጣ አሳየ። በዚህ ላይ ክርክሩ ዛሬም አላበቃም። የእናት ማሞላቀቅ ወይም የአባት መራቅ ዝንባሌውን ይፈጥራል ለሚለው ግን የጸና ማስረጃ አልተገኘለትም።

እኛ የኮልፌ ሰዎች ስለ ምክንያት በችኮላ መፍረድ ምን እንደሚያደርስ ለመማር ሩቅ መሄድ አያሻንም። የአለርት ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው በሰፈራችን በዘነበወርቅ፣ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ነው። የኖርዌዩ ሐኪም ሐንሰን የደዌውን ተሕዋስ በ1873 ቢያገኝም፣ በአገራችን ከዘር ይወርዳል እየተባለ የሕሙማኑ ጤነኛ ልጆች ለጋብቻ ይናቁ ነበር። ይህን ያነሣሁት ዝንባሌውን ከደዌ ጋር ለማስተያየት አይደለም፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ1990 ከበሽታዎች መዝገብ አውጥቶታል። የማስተያየው ችኮላችንን ነው።

«የሸሪዓው ፍርድ ተለወጠን?» ብትል፣ አልተለወጠም። ፍርዱ በድርጊት ላይ ነው፤ የአገራችንም የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 629 የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው። በነፍስ የሚመላለስ ሐሳብ ሰው ካልሠራበት ተጠያቂ አያደርገውም። እ.ኤ.አ. በ1277 የሞቱት ኢማም ነወዊም በሙስሊም ሐዲሶች ማብራሪያቸው ስለ ሴት መሳይ ወንድ ሲጽፉ፣ ተፈጥሮው የሆነበትን ሆን ብሎ ከሚያስመስለው ለይተው በፊተኛው ላይ ወቀሳም ቅጣትም የለም ብለዋል። ያ የተጻፈው ስለ አነጋገርና ስለ አካሄድ ነው፤ ተፈጥሮን ከምርጫ የመለየቱ መንገድ ግን ለጉዳያችንም ያገለግላል።

ስለዚህ ልጅህ ምስጢሩን ቢገልጥልህ አትምታው፤ ከቤትህም አታስወጣው። ከሁሉ ይልቅ ጋብቻን እንደ መድኃኒት አትዘዝለት። ሽማግሌ ልከህ የሰው ልጅ ከማምጣትህ በፊት፣ በኒካሑ ቀን ከአባትዋ ፊት የምትሰውረውን ነገር አስብ፤ ያቺ ልጅ ለምን እንዳልተወደደች ሳታውቅ ጥፋቱን ከራስዋ ስትፈልግ ትኖራለች።