ዝምድናን ለመቀጠል ዝምድናን ማወቅ

በከተማችን ከሚኖሩ ሙስሊም ወጣቶች አንዱን አስቁመን የአያቱን አባት ስም ብንጠይቀው ብዙውን ጊዜ መልስ አናገኝም። የአባቱን እናት ስም ብንጠይቀው ደግሞ «እማማ ነው የምንላት» ከማለት አልፎ መጠሪያዋን የሚነግረን ከስንት አንዱ ነው። የውጭ አገር የእግር ኳስ ተጫዋቾችን ከነተቀያሪዎቻቸው የሚዘረዝር ትውልድ ከአያቱ ላይ ሲደርስ ምላሱ ይታሰራል።

ይህ ነገር እንደ ቀላል መርሳት ሊታለፍ አይገባውም። በዲናችን ብዙ ሐቅ የተንጠለጠለው በዝምድና ላይ ነውና። አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ ሰው ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ትቶ ወደ አኼራ ሄደ እንበል። ወላጆቹና አያቶቹ ቀድመውት ሞተዋል፤ ወንድምና እህትም ሆነ የወንድም ልጅ የለውም። በሚራስ ሕግ ሴቶች ልጆቹ ከንብረቱ ሁለት ሦስተኛውን፣ ሚስቲቱ አንድ ስምንተኛውን ይወስዳሉ። ንብረቱ 24 እጅ ቢሆን 19ኙ በዚህ ያልቃል። የቀረው 5 እጅ በአባት በኩል ቅርብ ለሆነው ወንድ ዘመድ፣ ለአጎት ወይም አጎት ከሌለ ለአጎት ወንድ ልጅ ነው። ያ የአጎት ልጅ ደሴ ዙሪያ ወይም ስልጤ ገጠር ውስጥ በሬ ጠምዶ እያረሰ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ያሉት ልጆች ስሙን እንኳ ካላወቁት ሐቁን ማን ያደርስለታል? በክፋት ሳይሆን ባለማወቅ የሰው ሐቅ በልተን እናድራለን ማለት ነው።

ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ከዘር ሐረጋችን ዝምድናችንን የምንቀጥልበትን ያህል እንድንማር ማዘዛቸውን ኢማም ቲርሚዚ ዘግበዋል። እዚህ ላይ «ያህል» የምትለዋን ቃል ልብ እንበላት። ትእዛዙም ወሰኑም በውስጧ አሉ። ዘር ማወቅ ለሲለቱ ረሒም ሲሆን ዒባዳ ነው። በዘር ለመኮፈስ ወይም ጎረቤትን ለማሳነስ ሲሆን ግን ያ የጃሂሊያ ዐሰቢያ ነው። በሱረቱል ሑጁራት 13ኛ አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ሰዎችን ነገድና ጎሳ ያደረጋቸው እርስ በርስ እንዲተዋወቁ መሆኑን፣ እርሱ ዘንድ የሚከበረውም ይበልጥ የሚፈራው እንደሆነ ነግሮናል። በዘመናችን «ዘርህ ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለምን እንደሚጠየቅ ሁላችንም እናውቃለን። እኛ የምንነጋገርበት ዘር ቆጠራ ግን ሌላ ነው። አክስትን ፈልጎ ለመዘየር፣ የሟችን አደራ ለማድረስ ነው።

አንዳንዱ ሰው ይህን የሚተወው «ገንዘብ ይፈልጋል» በሚል ነው። ውጭ አገር ያሉ ወገኖቻችን ምራቅ በትንሽ ብልቃጥ እየላኩ የሚያስመረምሩት የዘረመል ምርመራ አንድ መቶ ዶላር ገደማ ያስወጣል። ውጤቱ ሲመጣ ከዚህ አካባቢ ይህን ያህል በመቶ፣ ከዚያ ይህን ያህል በመቶ የሚል ነው። የቅድመ አያትን ስም አይነግርም፤ ሚራስ የቀረባትን አክስት ቤትም አያሳይም። በዚያ ላይ በኒካሕ የጸና ነሰብ በምርመራ ወረቀት አይፈርስም። በመካ የሚገኘው የራቢጣ የፊቅህ ጉባኤ በ1994 ዓ.ም. (2002 እ.ኤ.አ.) በሸሪዓ የጸናን ነሰብ በዘረመል ምርመራ ለማስተባበል መነሳት እንደማይፈቀድ ወስኗል። ስለዚህ መቶ ዶላሩ ለአክስት ይላክ፤ የበለጠ አጅር አለው።

እውነተኛው መዝገብ ያለው ከሽማግሌዎቻችን ዘንድ ነው። ለማንበብ የሚያስፈልገውም አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶና ትዕግሥት ብቻ ነው። ስልክ ያለው ፈቃድ ጠይቆ ድምፃቸውን ይቅዳ። ይህ መዝገብ ግን በየሳምንቱ ጀናዛ በወጣ ቁጥር አንድ አንድ ቅጠሉ ይቀደዳል። የመንግሥት መዝገብ ይተካዋል እንዳንል፣ በአገራችን የልደትና የሞት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተወለደው ብዙው ሕዝብ የተመዘገበው በእናቱ ልብ ውስጥ ነው።

ሙስሊሞች ለዚህ ሥራ ባዕድ አይደለንም። ኸሊፋው ዑመር (ረ.ዐ) ዲዋኑን፣ ማለትም የድርጎውን መዝገብ ሲያቋቁሙ፣ የቁረይሽን የዘር ሐረግ የሚያውቁትን ዐቂል ኢብን አቢ ጧሊብን፣ መኽረማ ኢብን ነውፈልንና ጁበይር ኢብን ሙጥዒምን ጠርተው ሕዝቡን በየዝምድናው እንዲጽፉ አድርገዋል። መሠረቱ ከእኛ አካባቢ የሆነው የግብጹ ታሪክ ጸሐፊ ዐብዱረሕማን አል-ጀበርቲም (1753–1825 እ.ኤ.አ.) በታሪክ መጽሐፉ ውስጥ ሰባተኛ አያቱ ከጀበርት አገር ተነስቶ ካይሮ መግባቱን ጽፎ አስቀርቷል። የሐዲስ ዑለማዎች ደግሞ ከሁሉም የሚበልጥ መሣሪያ ትተውልናል፤ እርሱም ኢስናድ ነው። ማን ከማን ሰማ? የተናገረው ሰው በቦታው ነበር ወይስ እርሱም ሰምቶ ነው? ሁለቱ በዕድሜ ይገናኛሉ? የማስታወስ ችሎታው እንዴት ነው? በየስሙ ትይዩ «ይህን የነገረችኝ አክስቴ እከሊት ናት፤ እሷም ከአባቷ ሰምታ ነው፤ ቀኑም ይህ ነው» ብሎ መጻፍ ምንም ወጪ የለውም። ሁለት ሽማግሌዎች ቢለያዩ ሁለቱንም ቃል ከነባለቤቱ መጻፍ እንጂ የወደድነውን መርጦ ሌላውን መሰረዝ አይገባም።

በተለይ ነገሩ ወደ ሸሪፍነት ወይም ወደ ታላቅ ወልይ ዘር ሲያመራ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በየቤቱ «እኛ እኮ ከእከሌ ዘር ነን» የሚባል ወሬ ሞልቷል። እውነት ሊሆን ይችላል፤ ሰንሰለቱ ግን ይታይ። አባቱ ያልሆነውን እያወቀ አባቴ ነው ለሚል ሰው ጀነት እርም መሆኑ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። ድሃ ገበሬ የነበረን ቅድመ አያት ትቶ የሌላ ሰው ሸጀራ ላይ መንጠልጠል ቀልድ አይደለም።

ወደ አጠያየቁ እንምጣ። «እማማ፣ ስለ ድሮ ይንገሩኝ» ብሎ የጀመረ ሰው የሚያገኘው «ድሮማ ጊዜው ጥሩ ነበር» የሚል ነው። ጥያቄው ስም የሚያወጣ መሆን አለበት። ለእኛ ደግሞ ዲናችን ራሱ ጥያቄዎቹን አዘጋጅቶልናል። «እማማ፣ ሲያገቡ ወልይዎ ማን ነበር? አባትዎ በሕይወት ከሌሉ ከአጎቶችዎ የትኛው ቆመ? ኒካሑን ያሰረው ሸኽ ማን ነው? ምስክሮቹስ? መህርዎ ምን ነበር?» በዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ የሦስትና የአራት ወንድ ዘመድ ስም ይወጣል። «አባትዎ ሲሞቱ ማን አጠባቸው? መሬቱን እነማን ተካፈሉት? ድርሻዋን ያልወሰደች ሴት ነበረች?» ይህችኛዋ ጥያቄ ከባድ ናት፤ በቀስታና ብቻ ለብቻ ትጠየቅ።

«እርስዎን ከእናትዎ ሌላ ያጠባ ነበር? እርስዎስ የማንን ልጅ አጥብተዋል?» የሚለውን ደግሞ ማንም እንዳይዘነጋ። በሻፊዒያ መዝሀብ ሁለት ዓመት ሳይሞላው አምስት ጊዜ የጠባ ልጅ የአጥቢዋ ልጅ ይሆናል፤ በሐነፊያ ጥቂቱም ይበቃል። በድሮው ጊዜ እናት ስትታመም ወይም ገበያ ስትሄድ ጎረቤት ማጥባቷ የተለመደ ነበር። ዛሬ የእነዚያ ጎረቤታሞች ልጆች በመርካቶ ወይም በጅዳ ተገናኝተው ለመጋባት ሊታጩ ይችላሉ። የጥቢቱን ነገር የምታውቀው አንዲት የሰማንያ ዓመት አሮጊት ብቻ ከሆነችና እርሷን የጠየቀ ከሌለ፣ የነገሩ አስፈሪነት ግልጽ ነው።

ሽማግሌዎች ዓመተ ምሕረት ባይናገሩም ዘመን ይናገራሉ። «የኅዳር በሽታ ጊዜ ሕፃን ነበርኩ ትለኝ ነበር» ከተባለ 1911 ዓ.ም. ነው። ክፉ ቀን የሚሉት ከ1880 ዓ.ም. በኋላ የመጣውን ታላቅ ረሃብ ነው፤ ሰገሌ ጥቅምት 1909፣ የጣሊያን ጊዜ ከ1928 እስከ 1933 ነው። «ሙስሊሙ ሰልፍ የወጣ ዕለት ተወለደ» ካሉ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ነውና ቀኑ ሳይቀር ተገኘ። በኪታብ ሽፋን ወይም በቁርኣን የመጨረሻ ቅጠል ላይ በሂጅራ የተጻፈ ዓመት ሲገኝ ደግሞ እንዲህ ይሰላል። የሂጅራው ዓመት ከፀሐዩ 11 ቀን ገደማ ስለሚያንስ፣ ቁጥሩን በ0.97 አባዝቶ 614 መጨመር ነው። 1300 ሂጅራ በ0.97 ሲባዛ 1261፣ 614 ሲደመርበት 1875 ዓ.ም. ይሆናል። አንድ ዓመት ወዲህ ወይም ወዲያ ቢል አይገርምም።

ያ የቁርኣን የመጨረሻ ቅጠል በእርግጥ መታየት አለበት። አባቶቻችን የልጅ ልደትና የዘመድ ሞት የሚጽፉት እዚያ ላይ ነበር። በእጅ የተገለበጠ ኪታብም ቢሆን መጨረሻው ላይ ገልባጩ ስሙን ከነአባቱ፣ አገሩንና ያጠናቀቀበትን ቀን ያሰፈረበት ብዙ ነው። ዐረብኛ አንብቦ የሚያውቅ የመስጊድ ኡስታዝ በግማሽ ሰዓት ያነብላችኋል። ጽሑፉ ዐረብኛ መስሎ ቃሉ አማርኛ ከሆነ ዐጀም ነው፤ ጮክ ብሎ ሲነበብ ይገባል። እነዚህን ወረቀቶች «አሮጌ ነው» ብሎ ለነጋዴ መሸጥ ምን ያህል ጥፋት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም።

ሌላው የተረሳ መዝገብ የዕድር ደብተር ነው። ዕድር ለእናት፣ ለአባትና ለወንድም ሞት ስለሚከፍል አባሉ ሲገባ ዘመዶቹን በስም ያስመዘግባል፤ ገጠር ያሉት ሳይቀሩ። የአያታችሁን ዕድር ዳኛ ወይም ጸሐፊ ጠይቁ። ቀበሌዎች ከ1967 ዓ.ም. ወዲህ የያዙት የቤተሰብ ቅጽም ዛሬ በየወረዳው ሊገኝ ይችላል፤ ተስፋው ግን እንደ መዝገብ ቤቱ አያያዝ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው የሸሪዓ ፍርድ ቤት ፋይል ነው። በ1936 ዓ.ም. ስለ ናኢቦችና ቃዲዎች ጉባኤ ከወጣው አዋጅ ጀምሮ፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 መሠረት፣ እነዚህ ፍርድ ቤቶች የኒካሕ፣ የፍቺ፣ የወቅፍና የውርስ ጉዳይ ሲያዩ ኖረዋል። በውርስ ፋይል ውስጥ የሟቹ ወራሾች አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራሉ። ፋይሉን ለማየት የሟቹን ሙሉ ስምና ጉዳዩ የታየበትን ዓመት በግምትም ቢሆን ይዞ መሄድ ይረዳል። ሐረሮች በዚህ ዕድለኞች ናቸው፤ ከአሚሮቹ ዘመን የተረፉ የቃዲ መዛግብት አሏቸው። አዲስ አበባ ላለ ሰው ስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምና ወመዘክር የዐረብኛና የዐጀም ጽሑፎች ስብስብ አላቸው።

ስም ሲጠፋባችሁ በሁለተኛው ስም ፈልጉ። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አጼ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ባዘዙ ጊዜ ኢማም ሙሐመድ ዐሊ ሚካኤል፣ ኢማም አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ። ሸኽ ጦልሓ ኢብን ጃዕፈር ተነስተው ተዋጉ። ተራው ሕዝብ ግን ቀን በአንዱ፣ ሌሊት በሌላው ስም ኖረ። ከዚያም በኋላ ትምህርት ቤት ለመግባት ወይም ሥራ ለማግኘት ስሙን የለወጠ ብዙ ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ ያለው «ኃይሌ» እና በመስጊድ የሚታወቀው «ሰይድ» አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ይህን ዘመን በሰፊው ማንበብ የሚፈልግ በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመውን የፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድን የ19ኛው ክፍለ ዘመን የወሎ እስልምና ጥናት በቤተ መጻሕፍት ያገኘዋል። አያቱ ደረሳ የነበረ ሰው ደግሞ በዘሩ መስመር መንገዱ ቢዘጋበት በኪታቡ መስመር ይሂድ። ጀማ ንጉሥ ወይም ዳና ቀርቶ የነበረን ደረሳ፣ አብረውት የቀሩት ሰዎች ልጆች ከየት እንደመጣ ያስታውሱታል።

አንድ ነገር ሳይነገር አይታለፍ። አንዳንድ አሮጊት ስለ እናቷ ስትጠየቅ ዝም ትላለች። በአገራችን ባርነት በሕግ የተሻረው በ1934 ዓ.ም. ነው፤ የዚያ ቁስል በብዙ ቤት ተሸፍኖ አለ። ተሸጣ የመጣች አያት ያለችው ሰው የሚያፍርበት አንዳች ነገር የለም፤ ማፈር የሚገባው የሸጠው ነው። የአላህ መልእክተኛ ሙአዚን ቢላል (ረ.ዐ) ከነእናታቸው ከሐማማ በባርነት የነበሩ፣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያሳደጓቸው ኡሙ አይመንም የሐበሻ ሴት ነበሩ። ቢሆንም ባለቤቷ መሸፈን ከፈለገች ሰትር ግዴታችን ነው። ለሐቅ የሚያስፈልገውን ለራሳችን እንያዝ እንጂ የሰው ገመና በሰርግ ቤት የሚወራ አይሁን።

የጻፋችሁትን ሦስት ቅጂ አድርጉት፤ አንዱ በቤት፣ አንዱ ውጭ አገር ባለ ዘመድ ዘንድ፣ አንዱ በአገር ቤት ይቀመጥ። ከሁሉ በፊት ግን ለነገሯችሁ ሽማግሌ መልሳችሁ አንብቡላቸው። ስታነቡ «እሱን አይደለም፣ ታናሹን ነው ያልኩህ» ብለው ያቋርጧችኋል። እዚያው አርሙ፤ የታናሹንም ልጆች ስም አብራችሁ ጠይቁ።