ሐምሌ ስንት ቢት ነው?

ደብረ ማርቆስ ላይ በሐምሌ «ዛሬ ዘነበ» ብላችሁ ብታወሩ ማን ቆሞ ይሰማችኋል? በጥር ብትሉት ግን ጤፉን ወቅቶ ያልጨረሰ ገበሬ ከተቀመጠበት ይነሣል። ወሬው ያው ነው፤ ክብደቱ ለየቅል። አሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ ክሎድ ሻነን በ1948 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ ይህን ክብደት በቁጥር ለካው፦ ያልተጠበቀ ነገር ብዙ መረጃ ይይዛል፣ የተጠበቀ ጥቂት። መለኪያው ቢት ነው።

የአገራችሁን ዝናብ በየቀኑ መዝግቦ የወሩን ቢት ማስላት ዳታ ሳይንስ ነው፤ «ዳታ ሳይንስ ለአዲስ አበባ ልጆች ነው» የምትሉ ካላችሁ ተዉት። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ዳታ ሳይንስንም ይዟል። ኔትወርክ ከጠፋም ኮምፒውተሩ ላይ የተጫነ ኤክሴል ይሠራል፤ ላይብረኦፊስማ ገንዘብም አይጠይቅ።

ሥራውን ዛሬ ጀምሩት። ወራችን 30 ቀን ነውና ሠንጠረዡም 30 ረድፍ። ለቀን፣ ለወርና ለዓመት የየራሳቸውን ዓምድ ስጡ፤ በአንድ ሴል ከጻፋችሁት ኤክሴል የፈረንጅ ቀን አድርጎ ሊወስድባችሁ ይችላል። ቀጥሎ «ዘነበ» ወይም «አልዘነበ»፣ በቃ። «ትንሽ አካፋ» ማለት ያማረው ሌላ ዓምድ ይክፈት። አንዱ «ሐምሌ»፣ ሌላው «ሀምሌ»፣ ሦስተኛው «ሃምሌ» ቢጽፍ ለእኛ አንድ ወር ነው፣ ለኤክሴል ሦስት! አስቀድማችሁ ተስማሙና ከዝርዝር የሚመረጥ አድርጉት። ዳታ ሞዴሊንግ የሚባለው ስመ ገናና ትምህርት ግማሹ ይኸው ስምምነት ነው ብል አላጋነንኩም። ከደጀን፣ ከሉማሜና ከአማኑኤል የመጡ ልጆች የየአገራቸውን ዝናብ ከመዘገቡ ደግሞ የቦታዎቹን ከፍታ በየረድፉ አትደጋግሙ፤ ለቦታዎች ሌላ ሠንጠረዥ ይኑርና የቦታው ስም ሁለቱን ያገናኝ።

አሁን ስሌቱ። ከ30ው ቀን 27ቱ ዘነበ እንበል፤ የዝናቡ ዕድል 0.9፣ የብራው 0.1 ነው። እያንዳንዱን ዕድል መሠረቱ 2 በሆነ በራሱ ሎጋሪዝም አባዙ፣ ደምሩ፣ የመቀነስ ምልክቱን አንሡ። የወሩ አማካይ መረጃ፣ ሻነን ኢንትሮፒ ያለው፣ 0.47 ቢት ገደማ ይወጣል። ለየብቻ ስታዩት «ዘነበ» 0.15 ቢት ብቻ ሲሆን «ብራ ዋለ» 3.3 ቢት ነው። 15 ቀን ዘንቦ 15 ቀን ብራ ቢሆን ኢንትሮፒው ልክ 1 ቢት፤ ከዚህ አይዘልም።

በጥር አንድም ቀን ሳይዘንብ ከቀረ ኤክሴል ስሕተት ይጽፍባችኋል። አትደንግጡ! የዜሮ ሎጋሪዝም ስለሌለ ነው፤ ያቺን ሴል 0 አድርጋችሁ ቀጥሉ። የጥር ኢንትሮፒ ዜሮ መሆኑን ስታዩ ቀመሩ የገባችሁ ያኔ ነው።

መምህራን ደግሞ ቆጠራው ሳይጀመር ተማሪውን ሁሉ አስገምቱ፦ ለ1 ቢት በጣም የሚቀርበው የትኛው ወር ነው? ሰኔ የሚል አይጠፋም፤ ጥቅምት የሚልም። እኔ የምወራረደው በግንቦት ነው።