በተውሶ ታሪክ የሚጽፍ ተማሪ ከደራሲ ሊስተካከል ይችላልን?

ከክፍላችን ተማሪዎች አንዳንዶቹ የታወቀ ልብ ወለድ ይዘው፣ መጨረሻውን እየለወጡ በደብተራቸው ይጽፋሉ። ይህ ሌብነት ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ነገሩ ሊመረመር ይገባዋል እላለሁ።

ሼክስፒር የኦቴሎን ታሪክ ከራሱ አላፈለቀውም፤ ቺንቲዮ የተባለ ኢጣሊያዊ በ1565 እ.ኤ.አ. ካሳተመው ወሰደው እንጂ። በአምቦ አጠገብ ቦዳ የተወለደው ጸጋዬ ገብረ መድኅንም፣ ገና የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ሳለ ስለ ንጉሥ ዲዮኒስዮስና ስለ ሁለት ወንድማማቾች የጻፈው ቴአትር በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፊት ታይቷል። ዲዮኒስዮስ የሲራኩስ ገዥ እንጂ የአምቦ ሰው አልነበረም። ታዲያ ያንን ከብት ጠባቂ ልጅ ሌባ ልንለው ነውን?

መዋስ ነውር ካልሆነ፣ ልዩነቱ ወዴት ነው? አንድ ጓደኛዬ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ካወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» በዛብህን ከሞት አድኖ ከሰብለ ወንጌል ጋር በሰላም አኖረው። ንግግሩ ያማረ ነው፤ የጉዱ ካሣ ነገርማ ከመጽሐፉ የተቀዳ ይመስላል (ብቻዬን አስቆኛል)። ዳሩ ግን በዛብህ ከዳነ የፊታውራሪ መሸሻ የዘር ኩራት ያስከፈለው ዋጋ ጠፋ፤ ታሪኩም ሠርግ ብቻ ሆኖ ቀረ።

ከጉደር የምትመጣ እኅታችን ግን ማንንም አላዳነችም። አባትየው ለልጃቸው የመጡትን ጠያቂዎች ሲመልሱ፣ እናትየው በጓዳ ሆነው ያሰቡትን ጻፈች። መጽሐፉን ደግሜ ሳነብ የእናትየው ዝምታ ይሰማኝ ጀመር። እኔ በበኩሌ ይህን ሥራ ከታተሙት ከብዙዎቹ አላሳንሰውም። እስካሁን የጻፈችው 8 ገጽ ነው፤ ቀሪውን እየጠበቅን ነው።